የማንጠግቦሽ እግር

ማንጠግቦሽ ተቀምጣ የማታውቅ ሴት ነበረች። ሰው ሁሉ ሥራ ስለምትወድ ይመስለው ነበር። ሥራስ ትወዳለች፤ ነገሩ ግን እሱ አይደለም። መቀመጫዋን እሾህ የሚወጋት ይመስል፣ እንግዳ ሸኝታ አረፍ ካለች ከአፍታ በኋላ ተነሥታ የተወለወለውን ጠረጴዛ መልሳ ትወለውላለች፣ የተዘጋውን በር ገፋ አድርጋ ታያለች። ምግብ ቤቷ ከደባርቅ ከተማ ሰሜን ጫፍ፣ ሊማሊሞን ሊወርድ ያለ ሹፌር ሁሉ ፍሬኑን ፈትሾ፣ ሆዱን ሞልቶና አማትቦ ከሚነሣበት ቦታ ላይ ነበር። ባሏ ያርጋልም የከባድ መኪና ሹፌር ነበረ፤ እዚያው ሊማሊሞ ላይ ተገልብጦ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆኖታል። ከእሱ የቀሯት ሕሊና የምትባል አንድ ልጅና መንገዱን የሚመላለሱ የሹፌር ወዳጆቹ ናቸው።

እንዲህ የምትቁነጠነጥ ሴት እንዴት ዘጠና አራት ኪሎ መዘነች የሚል ሰው ካለ፣ ምግብ ቤት ከፍቶ አያውቅም ማለት ነው። ወጥ ሠሪ ትቀምሳለች። ጠዋት ዱለቱን፣ ረፋድ ላይ ቅቅሉን፣ ቀትር ላይ ጥብሱን ትቀምሳለች፤ ጨው አነሰው ብላ ትደግማለች፣ በዛበት ብላ ትሠልሳለች። ያ ሳያንስ ሹፌሮቹ አሉ። አንዱ ጠቅልሎ በያርጋል አጽም ብሎ ሲይዛት ምን ታድርግ? ትጎርሳለች። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላልና ሁለተኛውንም ትቀበላለች፤ ከዚያ ደግሞ ሌላ መኪና፣ ሌላ እጅ ይመጣል። ሻይዋ አራት ማንኪያ ስኳር ነው። ማን ሊናገራት? ደባርቅ ላይ ወፍራም ሴት ማለት እግዜር ያየላት፣ ጎተራዋ ያልጎደለ ሴት ማለት ነው። ማንጠግቦሽ አማረባት ነበር ወሬው ሁሉ።

በዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ውሃ ጥም ጀመራት። አንድ ጆግ ሙሉ ጠጥታ ጆጉን ሳታስቀምጥ መልሶ ይጠማታል። ከዚያ አንድ ቀን ማጀት ውስጥ ወዲያ ወዲህ ስትል፣ ከምድጃ የወደቀ ፍም ነጠላ ጫማዋ ውስጥ ገብቶ እግሯን ሲያቃጥላት አልታወቃትም። ሽታው ነው የነገራት። የምን ሥጋ ነው የሚያርረው ብላ ድስቱን ከፍታ አየች፤ የሚያርረው የራሷ እግር ነበር። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለ መከራ ይምከረው ነውና፣ በሦስተኛው ቀን ጎንደር ሄዳ ተመረመረች።

ስኳር ነው አሏት። ቁጥሩ ሁለት መቶ ሰማንያ ነበር። ሐኪሙ ልጇ የሚሆን ወጣት ነው፤ አይቆጣም፣ አይለማመጥምም። እንክብል ሰጣትና ዋናው ግን እንክብሉ አይደለም አላት። በየቀኑ ፈጠን ብላ ትራመድ፤ ስኳር፣ ለስላሳና ጠላ ይቅርባት፤ እንጀራ ከግማሽ አትለፍ፤ ጎመንና ምስር ታብዛ፤ እግሯን በየቀኑ አገላብጣ ትይ፣ እግሯ የማይነግራትን ዓይኗ ይንገራት። ይህን ካላደረገች እንዲህ ያለ እግር አንድ ቀን ይቆረጣል አላት፤ በቀጥታ ነው ያላት። ማንጠግቦሽ ደባርቅ እስክትደርስ ድረስ ሚኒባሱ ውስጥ ሁለቱን እግሮቿን ስታያቸው መጣች። አልጋ ላይ ተቀምጣ ሌላ ሰው በቤቷ ሲያዝበት ታያት፤ ከዚያስ ሞት ይሻላል አለች በሆዷ።

ለልጇ ለሕሊና ብቻ ነገረቻት። ለሌላው አፏን ዘጋች፤ የምግብ ቤት ባለቤት ታማለች ከተባለ ማን መጥቶ ይበላል?

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ወጣች። እንግዲህ እኛ አገር ሰው ዝም ብሎ አይራመድም። የሚሄድ ሰው የሚሄድበት አለው፤ ወይ ገበያ፣ ወይ ለቅሶ፣ ወይ ቤተ ክርስቲያን። ገና ከደጇ ሳትርቅ ጎረቤቷ ውዱ ወዴት ነው በጠዋቱ አለቻት፤ ማንጠግቦሽ አፏ ተሳሰረ። ልሄድ ነው የምሄደው ይባላል? ወፍራም መበለት በሰኔ ጭቃ፣ በዚያ ጉም ውስጥ እጇን እያወዛወዘች ደርሳ ልትመለስ! ለየላት ነው የሚባለው። ወንድሜን ልጠይቅ ነው ብላ አለፈች። ወንድም የላትም፤ ውዱም ይህን አሳምራ ታውቃለች።

በሁለተኛው ቀን ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥላ ወጣች። አሁን መልስ አላት፤ በሊማሊሞ መንገድ ቁልቁል ካለው ከኪዳነ ምሕረት ጠበል ልትቀዳ ነው። የሰማ ሁሉ በረከቱ ይድረሰን እያለ ያሳልፋት ጀመር። ጀሪካኑ ባዶ ሄዶ ባዶ ይመለሳል። አንድ ጠዋት ግን ውዱ መንገድ ላይ አስቁማ ልጄን አሞታልና አንድ ስኒ ቅጂልኝ ስትላት፣ ማንጠግቦሽ መንገድ ላይ ለነዳያን አድዬ ጨረስሁት ብላ ቀጠፈች። በጠበል መዋሸት! ቀኑን ሙሉ እረፍት ነሣት። ከዚያ ወዲያ እውነቷን ጠበሉ ድረስ እየወረደች ግማሽ ጀሪካን ትቀዳ ጀመር። መንገዱ በግማሽ ሰዓት ረዘመ፣ መመለሻው አቀበት ሆነ፣ ውሃውም ክንዷን ገነጠለው። ሐኪሙ ካዘዘው በላይ ሆነ፤ እሷ ግን ወደደችው። የቀረችበት ቀን እግሯን ያሳክካታል፣ ሰው ትቆጣለች፣ ዕቃ ትሰብራለች።

መብሉ ከመንገዱ የባሰ ነበር። ከትሪ ላይ ተከቦ ሲበላ ማን ስንት እንደበላ እግዜር ነው የሚያውቀው። ስለዚህ አበባ የተሣለበት አንድ የብረት ሳህን ገዛች። ግማሽ እንጀራዋን፣ ጎመኗንና ምስሯን እዚያ ላይ አድርጋ ማጀት ቆማ ትበላለች፤ ሳህኗንም ራሷ አጥባ ለብቻው ትሰቅለዋለች። ወጥ ስትቀምስ በምላሷ ጫፍ ነክታ ትተፋዋለች። ሹፌሮቹ ጠቅልለው ሲዘረጉላት ስእለት አለብኝ እያለች አፏን ታዞራለች። የያርጋል የልብ ጓደኛ የነበረው ወልደ ሩፋኤል ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አኖረውና ሒሳቡን ከፍሎ ወጣ። ያን ቀን ማጀት ገብታ አለቀሰች። ከሁሉ ከሁሉ ያስለቀሳት ግን ጥብሱ ነው፤ ሽታው አንጀቷን በላት።

መስከረም ላይ ጎንደር ሄደች። ቁጥሩ መቶ ሠላሳ፤ ኪሎዋ ሰባ ስድስት። ሐኪሙ ሁለት ነርሶች ጠርቶ እይዋት አላቸው። ማንጠግቦሽ ያን ቀን ከደስታ ብዛት ጎንደር ላይ ሦስት ጊዜ ከመናኸሪያው ወደ ገበያው ተመላለሰች። ቀሚሶቿን ሁሉ አስጠበበች። ሊማሊሞን እንደ ፍየል ትወጣዋለች። ዕድሜዋ አርባ ሰባት ነበር፤ የሠላሳ ዓመት ሴት የሆነች መሰላት። ደስታዋን የምታካፍለው ሰው ግን የለም፣ ምስጢር ነዋ!

እሷ እንዲህ ስትፈነድቅ ደባርቅ ሌላ ነገር እያነበበች ነበር። ጊዜው ስሙን ጠርተው የማይጨርሱት በሽታ፣ ኤድስ፣ ከየቤቱ ሰው የሚያወጣበት ጊዜ ነው። ሰው ሲከሳ የሚጠረጠረው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ማንጠግቦሽ ከሳች። በየማለዳው ጠበል ትሄዳለች። ሳህኗን ለየች፣ ጉርሻም እንቢ አለች። ባሏ ደግሞ ሹፌር ነበረ። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል? ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነበር፤ ለቃሚው ግን በዛ። ውዱ ጠበል መጠየቅ ተወች። ሹፌሮች አንድ አንድ እያሉ ከመንገዱ ማዶ ያለው ምግብ ቤት በር ላይ መኪናቸውን ማቆም ጀመሩ። ማንጠግቦሽ ገበያው የቀዘቀዘው በክረምቱ መስሏት ነበር።

እውነቱን ያመጡላት ሽማግሌዎች ናቸው። ሕሊና ደባርቅ ላይ መምህርት ናት፤ ከዳባቱ የበቅሎ ነጋዴ ከአቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ልጅ ከአንዱዓለም ጋር ከተጫጨች ዓመት አልፏታል፤ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ ከዳባት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። መሪያቸው የሃብተ ጊዮርጊስ የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ገብርኤል ነበሩ። ስለ ገብሱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ ብዙ ከተወራ በኋላ ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ነገሩን አወጡት። ማንጠግቦሽ መታመሟን ሰምተው ማዘናቸውን፣ የታመመች እናት ባለችበት መደገስ እንደማይገባ፣ ሥጋዋ ከተመለሰ ሠርጉ በጥር፣ ካልተመለሰ ለከርሞ እንዲሆን መላካቸውን ተናገሩ። ለከርሞ ማለት ቀረ ማለት እንደሆነ ሰሜን ውስጥ የማያውቅ የለም።

ማንጠግቦሽ መጀመሪያ ያዘኑላት መስሏት ነበር። ኋላ አንደኛው ሽማግሌ የቀረበለትን ብርጭቆ ሳይነካ መተዉን ስታይ ገባት። ጆሮዋ ጮኸ። ስኳር ነው፣ ሐኪም ነው ራመጂ ያለኝ አለቻቸው። ሽማግሌው መሬት መሬት እያየ ራሱን ነቀነቀ። ያኔ ያ በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ ስኳር ነው፣ ሳንባ ነው፣ ምች ነው ይል ነበርና።

ሲሄዱ ወሬው እሷ ውስጥ ገባ። እውነት ቢሆንስ? ያርጋል ከጎንደር እስከ ሽሬ ስንት ማደሪያ ነበረው? መክሳቷ በእርምጃዋ ነው ወይስ በሌላ? እስከ ትናንት የኮራችበት ቀጭን ወገቧ አስፈራት። ቁጭ ስትል ትነሣለች፣ ስትነሣ የምትሄድበት ይጠፋታል። ሁለት ቀን እንዲህ ሆና በሦስተኛው ጎንደር ወርዳ ደሟን ሰጠች። ውጤቱን የምትነግራት ሴትዮ ወረቀቱን እስክትዘረጋ ድረስ ወንበሩን ትታ ግድግዳ ለግድግዳ ትንጎራደድ ነበር። ነጻ ነሽ አለቻት።

ወረቀቱን ጡቷ ስር ሸጉጣ በቀጥታ ዳባት ቄስ ወልደ ገብርኤል ዘንድ ሄደች። ቄሱ አነበቡት፣ አመኗትም። ግን መልሰው አጥፈው ሰጧት።

"ልጄ፣ ወረቀቱን ለስንት ሰው ታሳዪዋለሽ? ሰው የሚያነበው ሥጋሽን ነው" አሏት።

ነገሩ እውነት ነበር፤ እውነት መሆኑ ነው ያናደዳት። ሥጋ ከፈለጉማ ሥጋ ይሁንላቸው ብላ ቤቷ ገባች። ጀሪካኑን ቆጥ ላይ ወረወረችው፣ ሳህኑን ደበቀችው። ትሪ ከብባ ከሹፌሮቹ ጋር ተቀመጠች። ዱለት በላች፣ ቅቤ የጠጣ ጥብስ በላች፣ ወልደ ሩፋኤልን አስጠርታ ከእጁ ጎረሰች። በአንድ ወር ውስጥ ስምንት ኪሎ ጨመረች። ደባርቅም ተደሰተች፤ ተመስገን፣ ተመለስሽልን አሏት። ውዱ ሳይቀር ገብታ ሳመቻት። ገበያው ደራ።

ለማንጠግቦሽ ግን ያ ወር እስራት ነበር። ጎህ ሲቀድ እግሯ ራሱ ይነሣል፤ መስኮት ላይ ቆማ ጉሙ ከሊማሊሞ አፋፍ ሲነሣ ታይና ትመለሳለች። ጥሙ ተመለሰ። ዓይኗ ላይ ጭጋግ ወረደ። ቁጥሩ ሦስት መቶ ዐሥር ገባ። እስከ ጥር ነው፣ ትንሽ ነው የቀረው እያለች ራሷን ታባብላለች። ኅዳር መጀመሪያ ላይ አንድ ቀን ቀትር ሕሊና ከገበያ ስትገባ እናቷን እግሯን ሳፋ ውስጥ ዘፍዝፋ አገኘቻት። ላግዝሽ ብላ እጇን ብትከት እየጮኸች አወጣችው። ውሃው የፈላ ነበር። የማንጠግቦሽ እግር ቀልቷል፣ ቆዳው ሊላጥ ነው፣ እሷ ግን ለብ ያለ መስሏት ነበር።

ሕሊና እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ አርሳ፣ አድርቃ፣ ጭኗ ላይ አደረገችው።

"እማዬ፣ በአንድ እግርሽ እንድትድሪኝ አልፈልግም። ሠርጉ ይቅር" አለች።

ማንጠግቦሽ ተቆጣች፤ ሠርጉ አይቀርም፣ በእኔ ምክንያት ልጄ አትቀርም ብላ ጮኸች። ግን ልጇ ማልቀስ ስትጀምር፣ እስከ ዛሬ በላሁላት ያለችው ሁሉ ለልጇ እንዳልሆነ፣ ለሰው አፍ እንደሆነ ታያት። የሚያሳፍር ነገር ነው፤ አፈረች።

ሳህኗን ከደበቀችበት አወጣች፤ እግሯ እስኪድን ዐሥር ቀን ታገሠች፣ እየታመሰች ታገሠች። በዐሥራ አንደኛው ቀን ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ የሕሊናን ሸራ ጫማ በወፍራም ካልሲ አጥልቃ፣ የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ከሌሊቱ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣች። ጀሪካን አልያዘችም። ሕሊና ወዴት ነሽ ብትላት ዳባት ነው፣ በእግሬ አለቻት። ከደባርቅ ዳባት ወደ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሕሊና ልትከለክላት ብላ የእናቷን ፊት ስታይ ተወችው።

መንገዱ ሰው አያጣም። ፀሐይ ስትወጣ ገብስ የሚያጭዱ ገበሬዎች በጎኗ እንደምን አደርሽ ይሏታል፤ ወዴት ነው ሲሏት አሁን አፏ አልተሳሰረም፣ ዳባት ጋብቻዬ ጋ እያለች ታልፋለች። የሚኒባስ ረዳቶች ያውቋታል። አንዱ መኪናውን አስቁሞ በነጻ እንውሰድሽ አላት፤ እንቢ አለች። ሁለተኛውም አቆመ፣ ሦስተኛውም። እሷ እንቢ ባለች ቁጥር ወሬው ቀድሟት ዳባት ይገባል፤ ማንጠግቦሽ አብዳ በእግሯ እየመጣች ነው እየተባለ። በየሰዓቱ ድንጋይ ላይ አረፍ ትልና ጫማዋን አውልቃ እግሯን በዓይኗ ትመረምራለች። አንድ ቦታ ቀልቶ አየችው፤ ካልሲዋን ገልብጣ አጥልቃ ቀጠለች። ምን እንደምትል አታውቅም ነበር። ብቻ ቁጭ ብላ ከመጠበቅ መሄዱ ቀለላት።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዳባት ገባች። ቀኑ የገበያ ቀን ነበርና ከተማው በአህያና በሰው ተጨናንቋል። አቶ ሃብተ ጊዮርጊስ ወሬውን ሰምተው ከአጥራቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ከሩቅ ስትመጣ አዩዋት። ሰላምታ ከመስጠታቸው በፊት እግሯን አዩ፣ ቀጥሎ ደረቷን አዩ፣ ትንፋሿን አዳመጡ። በስንት ሰዓት እንደወጣች፣ ምን እንደቀመሰች ጠየቋት። ነገረቻቸው። በጣታቸው ቆጠሩ።

"አርባ ዓመት በቅሎ ሸጫለሁ" አሉ። "ሆዷን አይቼ የገዛኋት በቅሎ ሞታብኛለች። እንዲህ የሚሄድ ሰው አልታመመም። ግቢ።"

ቤት ውስጥ ባለቤታቸው ወይዘሮ ወለተ ሥላሴ መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ትልቅ፣ ወፍራም፣ ዝምተኛ ሴት ናቸው፤ ማንጠግቦሽ ስትገባ ይቅርታ አልነሣም፣ ጉልበቴ ነው አሉ። ትሪ ቀረበ፤ ዶሮ ነው፣ ከነቅቤው። ማንጠግቦሽ ሳህን ካላችሁ አለች። ወለተ ሥላሴ በዓይናቸው ጠቀሱና ሳህን መጣ። ግማሽ እንጀራዋን ቆርሳ እዚያ ላይ አደረገች፤ እየበላች ሁሉንም ነገረቻቸው፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ፍሙ፣ ስለ ጀሪካኑ፣ ስለ ፈላው ውሃ። ወረቀቱንም አውጥታ አስቀመጠች። ሃብተ ጊዮርጊስ አንሺው፣ አያስፈልግም አሏት።

ከዚያ ግን ጢማቸውን እያሻሹ ቀጠሉ። እሳቸው አምነዋል፤ ዳባት ግን አላመነም። ዘመድ ከነገር ይሸሻል፣ ሠርጉ ላይ የሚበላ ሰው ይጠፋል። እስከ ጥር የቀረው ከሁለት ወር አይበልጥም። ቤቷ ትቀመጥ፣ ትብላ፣ ትንሽ ሥጋ ታብጅ። ሠርጉ ካለፈ በኋላ እስከ ካርቱም ብትራመድ ማን ይከለክላታል? ይህን ካደረገች ነገሩ አለቀ፣ ቃላቸው ነው።

የመጣችበት ነገር እጇ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ወር ብቻ! አንዱ ወር ምን እንዳደረጋት ግን ታውቃለች። ልጇ እግሯን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታለቅስ ታየቻት። ማንጠግቦሽ ተነሣች።

"ልጄን እሰጣችኋለሁ። እግሬን ግን ለማንም አልሰጥም" አለች።

ማንጠግቦሽ ነጠላዋን አጣፋች። አበላሸሁት፣ በገዛ አፌ የልጄን ትዳር አፈረስሁት እያለች፣ እግዜር ይስጥልኝ ብላ ወደ በሩ ዞረች። ያን ጊዜ ከመደቡ ላይ ድምፅ መጣ።

"አንቺ፣ ውሃ ጥሙ ነበረብሽ?" አሉ ወለተ ሥላሴ።

ማንጠግቦሽ ቆመች። አዎን አለች።

"እግርሽስ እንደ እንጨት ይሆን ነበር?"

አዎን አለች ደግማ። ሃብተ ጊዮርጊስ ሚስታቸውን አዩዋቸው፤ እስከዚያች ቀን ያላዩአቸው ይመስል አዩዋቸው። ወለተ ሥላሴ እጃቸውን መደቡ ላይ ተክለው አንድ ጊዜ ሞክረው ተመለሱ፤ በሁለተኛው ተነሡ። ጫማዬን አምጡልኝ አሉ፣ እንግዳ ሳይሸኝ ይሄዳል እንዴ፣ ምን ዓይነት ቤት ነው የሆነው ብለው ተቆጡ። ባላቸው መንገዱ በሰው ተሞልቷል ቢሏቸው፣ ታዲያ በገበያ ቀን ምን ሊሞላበት ነበር አሉ።

ወጡ። ወለተ ሥላሴ የማንጠግቦሽን ክንድ ጥብቅ አድርገው ይዘው በገበያው መካከል አለፉ። ዳባት ቆሞ አየ። በርበሬ የሚሰፍሩት ሴቶች መስፈሩን ተዉ። ይህቺ ማን ናት እያሉ በዓይናቸው ለሚጠይቁት ሁሉ፣ ወለተ ሥላሴ እየቆሙ፣ ትንፋሻቸውን እየሰበሰቡ ይመልሱ ነበር፤ የምራቴ እናት ናት፣ በጥር ሠርግ አለብን፣ ልሸኛት ነው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዐሥር ጊዜ አሉት። ማንጠግቦሽ እንባዋ ፊቷን አጠበው፤ ለመጥረግ እጇ አልተለቀቀላትም።

መናኸሪያው ጋ ሲደርሱ ረዳቶቹ ደባርቅ ደባርቅ እያሉ ተጣሩ። ሸኚ የሚመለሰው እዚያ ነው። ወለተ ሥላሴ ግን ክንዷን ሳይለቁ አለፉት። የመጨረሻዎቹን ቤቶች አለፉ፣ የእህል ወፍጮውን አለፉ። ከከተማው መውጫ ካለችው ድልድይ ሲደርሱ ግንባራቸው በላብ ርሶ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ወደ መጡበት ዞረው አዩ።

"እኔ እስከዚህ ነው የቻልኩት" አሉ።

"ለመጀመሪያ ቀን ብዙ ሄደዋል" አለቻቸው ማንጠግቦሽ።